ለለንደን ሾፌር አባላት፦ ጥሪ የምንጠብቅበትን ሰዓት ክፍያ ይመለከታል

ውድ አባላት፣ በመተግበሪያ የምንሠራው የሹፍርና ሥራ ጉልበታችንን እየበዘበዘ ነው ወይ በሚለው ላይ ተወያይተን የጋራ አቋም ለመያዝ እሑድ በለንደን ሰዓት ከቀትር በኋላ በ4 ሰዓት በተለመደው አዳራሽ እንሰበሰባለን። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 በኡበር ሾፌሮች ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ሾፌሩ በተፈቀደለት ክልል መተግበሪያውን ከፍቶ ጥሪ ለመቀበል ዝግጁ ሆኖ የሚጠብቅበት ጊዜም እንደ ሥራ ሰዓት እንደሚቆጠር አረጋግጧል። ይሁንና ነዳጁና ኢንሹራንሱ ከኪሳችን እየወጣ፣ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ተሰልፈን የምንጠብቀው ሰዓት ዛሬም አይከፈለንም፤ ይህ በእኔ እምነት ግልጽ ብዝበዛ ነው። ሰዓታችንን ራሳችን መምረጣችን ይበቃናል የምትሉ አባላትም ሐሳባችሁ እንዲሰማ በእርግጥ እንፈልጋለን። ያለፈውን ወር የክፍያ መግለጫና የነዳጅ ደረሰኝ ይዛችሁ እንድትመጡ፣ መገኘት አለመገኘታችሁንም እስከ ሐሙስ ማታ እንድታሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።