ስለ ላሚቱ፣ ለአባቴ

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩና የምወድዎ አባቴ፣

እንደምን ከርመዋል? እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደኅና ነን። ዓይንዎን ከታከሙ ወዲህ ረጅም ጽሑፍ እንደሚያደክምዎ እህቴ ስለ ነገረችኝ ፊደሉን አጉልቼ ጽፌያለሁ። እርሷ ብታነብልዎም ደስ ይለኛል፤ ወደ መጨረሻው ገደማ ያለውን ግን፣ ቢዘገይም ራስዎ ቢያነቡት እመርጣለሁ።

ነገሩ የአሜሪካዪቱ ከተማ የቺካጎ ቃጠሎ ነው። መብራት በጠፋ ማታ ሁሉ ምድጃውን ከብበን ስንቀመጥ ይተርኩልን የነበረውን ታሪክ አሁን እኔ ለልጄ እየተረክሁለት ነው። ዘጠኝ ዓመቱን ይዟል፤ የዛሬውን ከትናንቱ እያስተያየ «ትናንት እንዲህ አላልሽም» እያለ ስለሚይዘኝ፣ እንዳልቃረን በደብተር መጻፍ ጀመርሁ። ስጽፍ ታዲያ እርስዎ የነገሩንን ከመጻሕፍት ጋር ማመሳከር ግድ ሆነብኝ። አብዛኛው ልክ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ቃጠሎው የተነሣው በ1864 ዓ.ም. መስከረም 28 ቀን፣ እሑድ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ በአውሮፓውያኑ ጥቅምት 8 ቀን 1871 መሆኑ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ዝናብ ጠፍቶ ነበር፤ ቤቱ እንጨት፣ የእግረኛው መሄጃ እንጨት፣ አንዳንዱ መንገድ ሳይቀር በጥድ ግንድ ቁራጭ የተነጠፈ ነበር። በዋዜማው ቅዳሜ ሌሊት ሌላ ትልቅ እሳት ሲያጠፉ ያደሩት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ገና አልተኙም። በማማው ላይ የነበረው ጠባቂ ጭሱን አይቶ ቦታውን ስለ ሳተ፣ የእሳት ማጥፊያ ጋሪዎቹ መጀመሪያ የተላኩት ወደ ሌላ ሰፈር ነበር። እርስዎ ይህን ሲተርኩ የፍርድ ቤቱን ደወል በጭልፋ የብረት ድስቱን እየመቱ ያሰሙን ነበር፤ ደወሉ ሕንፃው ተቃጥሎ እስኪወድቅ ድረስ መደወሉን ሲነግሩንም ጭልፋውን ድንገት ይለቁት ነበር። እኔም እንደዚያው ሳደርግ ልጄ እንደ እኛው ይደነግጣል።

አንድ ነገር ግን ከእርስዎ አስረዝሜ እተርካለሁ፤ እሳቱ ወንዙን የተሻገረበትን። በፋብሪካችን የክር መፍተያ ክፍል ከጥጥ ብናኝ ጋር ስውል ዓመታት ስላለፉኝ፣ እሳት በእግሩ ብቻ እንደማይሄድ አውቃለሁ። ከሚነድደው ጣሪያ የተነሣው ትኩስ አየር የጋለውን ስንጥር ወደ ላይ ያነሣዋል፣ ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ተቀብሎ ከማዶ ያሳርፈዋል፤ ሰው «ወንዙ ያቆመዋል» ብሎ ዕቃውን ወዲያ ባሻገረበት ስፍራ አዲስ እሳት ይነሣል። የውኃ መግፊያው ጣቢያ ጣሪያም የተያዘው እንዲሁ ነው፤ ፓምፖቹ ሲቆሙ ከተማው ውኃ አጣ። ሰዉ ወደ ሚሺጋን ሐይቅ ሸሽቶ ውኃው ውስጥ ቆመ። ሰኞ ሌሊት ዝናብ ጥሎ ነገሩ እስኪበርድ ድረስ 300 ያህል ሰው ሞቶ፣ ከ17,000 በላይ ሕንፃ ወድሞ፣ ከከተማው ሕዝብ ሲሶ ያህሉ፣ 100,000 ሰው፣ ቤት አልባ ሆነ። «ከተማው ጠቅላላ ነደደ» ይሉን የነበረውን በዚህ አርሜዋለሁ፤ ይቅርታዎን። እሳቱ በተነሣበት በዚያው እሑድ ሌሊት ፔሽቲጎ በምትባል ትንሽ ከተማና በዙሪያዋ ከ1,200 የማያንስ ሰው በእሳት ማለቁን ግን እርስዎም አልነገሩንም፤ መቼም ወሬው ሁልጊዜ ለትልቁ ከተማ ነው።

ልጄ አብልጦ የወደደው እርስዎ «የመዝገቧ ልጅ» ይሏት የነበረችውን ነው። ቤሲ ብራድዌል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ሁሉም ጌጡንና ልብሱን ሲያነሣ እርሷ የእናቷን የሕግ ጋዜጣ ደንበኞች ስም የያዘውን ከባድ መዝገብ ታቅፋ ወጣች፤ በጭሱ መካከል ከወላጆቿ ተለይታ ጠፍታ፣ በኋላ ከነመዝገቡ ተገኘች። እዚህ ላይ እርስዎ ዘወትር ወደ እናትዎ ይሻገሩ ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደሴ ሳሉ የጣሊያን አውሮፕላኖች መጥተው ተቀጣጣይ ቦምብ ሲጥሉ፣ ቀይ መስቀል የተሣለበት ሆስፒታል ሳይቀር ሲመታና ቤቶች ሲነድዱ፣ አያቴ የሰባት ዓመት ልጅ ሆና የእርሾውን ማሰሮ ተሸክማ ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ መሮጧን። «ለምን እርሾ?» አለኝ ልጄ። «ነገ መጋገር አለበታ» አልሁት፤ እርስዎ እንደሚመልሱት።

አሁን ወደ ላሚቱ ልምጣ። የወይዘሮ ኦሊሪ ላም ፋኖሱን ረግጣ ከተማ አቃጠለች ብለው ነግረውን ነበር። እሳቱ ከበረቷ ገደማ መነሣቱ እርግጥ ነው፤ ሴትዮዋ ግን በምርመራው ላይ ተኝቼ ነበር ብላ ቃሏን ሰጥታለች፣ መርማሪዎቹም ምክንያቱን ማወቅ አልቻሉም። ወሬውን ያራቡት ጋዜጦች ናቸው፤ ድኻና ከአየርላንድ የመጣች ስደተኛ ስለ ነበረች ማን ይከራከርላት? የቺካጎ ምክር ቤት እርሷንም ላሟንም ነፃ ያወጣው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሞታ መቶ ዓመት ካለፋት በኋላ ማለት ነው። ይህን ሳነብለት ልጄ፣ «ግን ላሟን ያያት ሰው ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሣኝ።

አባባ፣ በ1984 ዓ.ም. ክረምት ማድ ቤታችን የተቃጠለ ጊዜ «ድመቷ ኩራዙን ጣለችው» ያልሁዎት እኔ ነበርሁ። ድመቷን ያየ ሰው አልነበረም። ወለሉ ላይ በክብሪት ቀፎና በቆሎ ቆረቆንዳ ቺካጎን ሠርቼ፣ መሐሏ ላይ ጭድ ጎዝጉዤ በረት አድርጌ፣ ኩራዙን እዚያ አስቀምጬ ነበር። ላሚቱ እኔ ነበርሁ፤ በአራት እግር ሆኜ በቀስታ ልነካው ብዬ ረገጥሁት። ላምባው ፈሰሰ፤ እሳቱ ወደ ጭራሮው ሲያልፍ እንዴት ፈጣን እንደ ነበር አሁንም ይታየኛል። የእናቴ ሞሰብ ነደደ፤ እርስዎም የበሩን ቆርቆሮ በእጅዎ ገፍተው ሲገቡ ያ ጠባሳ ቀረብዎት። በማግስቱ ድመቷን በማዳበሪያ አሥረው ሐረጎ ዳገት ላይ እንዲጥላት ለአንድ ሾፌር ሲሰጡት ከደጅ ቆሜ አይቻለሁ፤ ስትጮህም ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ የፈራሁት ቁጣዎን አልነበረም፤ ታሪኩን ዳግመኛ እንዳይተርኩልን ነበር።

በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ «እሳቱ እንዴት እንደ ተነሣ አልታወቀም» ብዬ ጽፌያለሁ። ልጄ ግን ላሟ ከታሪኩ እንድትወጣ አይፈልግም፤ ከበረቱ አምልጣ ሐይቁ ዳር ከሰዎቹ ጋር ስትቆም በእርሳስ ሥሏታል። ቅዳሜ ደብተሩን ይዘን እንመጣለን። ስለ እጅዎ ጠባሳ መጠየቁ ስለማይቀር፣ እስከ ዛሬ የነገርሁት ድመቷ እንደ ሆነች ይወቁልኝ።

ሁለተኛዋ ልጅዎ