በብርድ አገር በሙቀት የሞተ ማሽን፦ የኤሌክትሮኒክስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ 23 አባላት ነበሩት። ዘወትር ዓርብ ከሰዓት በ9 ሰዓት ፊዚክስ ላብራቶሪ ውስጥ እንገናኛለን። ጥቅምት በምዝገባና ዕቃ በመቁጠር አለቀ። ዘገባዬን ከኅዳር ልጀምር፤ የዓመቱ ሥራችን የተወለደው ያኔ ነው።

ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ እዚሁ ትምህርት ቤታችን የተማረ አንድ ወጣት አሮጌ የጌም ኮንሶል በፌስታል ይዞ መጣ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ጌም ቤት አለው። ማሽኑ ሲከፈት መብራቱ አንዴ ብልጭ ይልና ይጠፋል። “ቲቸር፣ በሙቀት ነው የሞተው ብለውኛል። እኔ ተስፋ ቆርጫለሁ፤ ልጆቹ ይማሩበት” አለኝ።

ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። ያን ቀን ሁላችንም ሹራብ ላይ ጃኬት ደርበናል። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች።

“ቲቸር፣ በዚህ ብርድ ማሽን እንዴት በሙቀት ይሞታል?”

ዓመቱን ሙሉ ስንሠራ የከረምነው ይህን ጥያቄ ለመመለስ ነው። እኔም ቢሆን መልሱ በእጄ አልነበረም።

መጀመሪያ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ አየን። ኮንሶል ከሶኬት የሚስበው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም መጨረሻው ሙቀት ነው። ዘመናዊ ኮንሶል ጨዋታ ላይ ሲሆን ከ100 እስከ 200 ዋት ይወስዳል። ቁጥሩ ብቻውን ለልጆቹ ምንም አላላቸውም። “ሁለት ሦስት ባለ 60 ዋት አምፖል አብርታችሁ የጫማ ካርቶን ውስጥ ብትዘጉባቸውስ?” ስላቸው ግን ሁሉም ደነገጡ። ከዚያ ሙቀት ውስጥ አብዛኛው የሚወጣው ደግሞ ከአንድ ወይም ከሁለት ቺፕ ነው። ሲሊከኑ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይሰፋም። ሙቀቱ ከዚያች ጠባብ ቦታ ተነስቶ በፔስቱ (በቺፑና በላዩ ባለው ብረት መካከል በሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) በኩል ወደ ብረቱ፣ ከብረቱ ወደ ስስ ክንፎቹ ይሄዳል። ከዚያ ፋኑ በአየር ጠርጎ ያወጣዋል። መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ከተዘጋ ቺፑ ይግላል።

ታኅሣሥ ላይ ማሽኑን ፈታነው። ከመፍታታችን በፊት ሁሉም የሱፍ ሹራቡን አወለቀ፤ በደረቅ ወራት ሱፍ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ ቺፕ ሊጎዳ ይችላል። በርዷቸው እየተንቀጠቀጡ የፈቱትን ልጆች ሳስታውስ አሁንም ደስ ይለኛል። ፋኑ ሲነሳ ከጀርባው መታየት የነበረበት የብረት ክንፍ አልታየም። አቧራው ተጋግሮ አንድ ወፍራም ጨርቅ ሆኗል። “ብርድ ልብስ ለብሷል!” አለ አንዱ። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ልጅ ስለሆነ ምሳሌው አልራቀበትም። ከቺፑ ላይ የነበረው ፔስት ደርቆ እንደ ጠመኔ ይፈረፈራል። ሁለቱም መንገዶች ተዘግተው ነበር ማለት ነው።

ይህን ያህል አቧራ የት ተገኘ? ልጆቹ ጌም ቤቱን ስለሚያውቁት መልሱን ራሳቸው ነገሩኝ። ብርድ ስለሆነ በሩም መስኮቱም ይዘጋል። ማታ ማታ በአንዲት ጠባብ ክፍል አሥራ አምስት ልጅ ይታጨቃል። ኮንሶሎቹ መሬት አጠገብ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ባለ ዝግ ሣጥን ውስጥ ናቸው። ሁሉም በጫማው አቧራ ይዞ ይገባል። ውጭው ውርጭ ቢሆንም ሣጥኑ ውስጥ ያለው አየር ግን ደጋግሞ የተሞቀ አየር ነው። የልጅቱ ጥያቄ ግማሽ መልሱን ያገኘው እዚህ ላይ ነው። ብርዱን ፈርተን በራችንን እንዘጋለን፤ ማሽኑም አብሮን ይታፈናል።

ቤታችንም ከዚህ አይሻልም። ቴሌቪዥኑም፣ ሪሲቨሩም፣ ኮንሶሉም ዳንቴል ይለብሳል። ይህን በብስኩት ቆርቆሮ ሞከርነው። ቆርቆሮው ላይ ቀዳዳ በሳንና አምፖል ውስጡ አብርተን በቴርሞሜትር ተከታተልነው። ከዚያ ዳንቴል አለበስነው። ቴርሞሜትሩ ወዲያው ሽቅብ ወጣ። ዳንቴሉን ስናነሳው ወረደ። አንዷ ተማሪ ሙከራውን ቤቷ ለእናቷ አሳየቻቸው። እናቷም ዳንቴሉን ከማሽኑ ላይ አንስተው ከሥሩ አነጠፉት። የአየር ማስገቢያው ከሥር ከሆነ ይህም እንደሚያፍነው በማግሥቱ አስረዳኋት። አሁን ዳንቴሉ ሶፋው ላይ ነው።

ከሁሉ የወደድኩት የየካቲቱን ክርክር ነው። አጎቱ ሸዋ ሮቢት የሚኖር አንድ ልጅ “ቆላው ላይ ነው እንጂ የሚቃጠለው፣ እኛ ጋ ፋኑ ብርድ አየር ነው የሚስበው” ብሎ ሞገተ። ግማሹ እውነት ነው። ክፍሉ አሥር ዲግሪ ከሞቀ ቺፑም አሥር ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ሌላኛውን ግማሽ ግን ማንም አላሰበውም፤ የእኛ አየር ስስ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በጣርማ በር አድርገው ቁልቁል ሲወርዱ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ናት። በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር በይዘት ያው ነው፤ በክብደት ግን ያንሳል። ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ ክብደቱ ነው።

ልጁ አላመነኝም፤ ደግም አደረገ። ስለዚህ ውሃ አፈላን። ቴርሞሜትሩ 91 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ቆመ። ውሃው ይንተከተካል፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አይልም። “ለካ ለዚህ ነው ባቄላ እኛ ቤት ቶሎ የማይበስለው!” አለ። ስለ ስስ አየር ከዚያ በኋላ ምንም መጨመር አላስፈለገኝም።

ሆኖም ሙቀት ብቻውን ይህን ማሽን እንደገደለው እርግጠኛ አይደለሁም። ሲበዛበት ራሱን የሚያጠፋበት መከላከያ አለው። ይበልጥ የሚጎዳው መጋልና መቀዝቀዝ መፈራረቁ ነው። አንዲት ልጅ “እናቴ የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፈስም፤ ይሰነጠቃል ትላለች” አለች። ነገሩ ዘመዱ ነው። ቺፑ ሲሊከን ነው፤ ቺፑ የተበየደበት ቦርድ ደግሞ ከመስታወት ክርና ከሙጫ የተሠራ ነው። ሲሞቁ ቦርዱ ከሲሊከኑ አምስት ስድስት እጥፍ ይለጠጣል። በመካከላቸው ያሉት ጥቃቅን የሶልደር (የብየዳ ብረት) እንክብሎች ይጎተታሉ። ሲበርድ ይመለሳሉ። ሽቦ አንዴ ብናጥፈው አይሰበርም። ደጋግመን ስናጥፈው ግን ይበጠሳል፤ ሁሉም በእጁ ሞከረው።

ጠዋት በውርጭ የተከፈተ ማሽን ከአምስት ስድስት ዲግሪ ተነስቶ ወደ ሰባና ሰማንያ ይዘላል። መብራት ሲሄድ ፋኑ ቀጥ ይላል፣ የጋለው ቺፕ ግን ገና አልበረደም። መብራቱ ሲመጣ እንደገና ይጀምራል። በቀን ሦስት ጊዜ መብራት ከጠፋ ሽቦውን ሦስት ጊዜ አጠፍነው ማለት ነው። ቮልቴጁ ከፍ ብሎ ሲመለስ ፓወር ሰፕላዩን (ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ለማሽኑ የሚያከፋፍለውን ክፍል) የሚመታው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ይህ ደብረ ብርሃን ላይ ብቻ የደረሰ እንዳልሆነ ለልጆቹ ኤክስቦክስ 360 የተባለውን የጌም ኮንሶል ታሪክ ነገርኳቸው። ማይክሮሶፍት ማሽኑን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ነው። ብዙዎቹ ፊታቸው ላይ ሦስት ቀይ መብራት እያበሩ ሞቱ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ዋስትናውን ወደ ሦስት ዓመት አራዘመ፤ ለዚህም ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ መደበ። ከዓመታት በኋላ መሐንዲሶቹ ራሳቸው ምክንያቱን ተናገሩ። ማሽኑ ሲበራና ሲጠፋ በሚፈጠረው መጋልና መቀዝቀዝ ቺፑ ውስጥ ያሉት ማያያዣዎች እየተሰነጠቁ ነበር። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ማሽናችንን በሌላ ዓይን አዩት።

ወደ ማሽናችን ልመለስ። ባለቤቱ እኛ ጋ ከማምጣቱ በፊት አንድ ጠጋኝ ቦርዱን በሙቅ አየር መትቶለት ነበር። ሦስት ሳምንት ሠርቶ እንደገና ሞተ። ልጆቹ ለምን እንደዳነ፣ ለምን እንደሞተ መጠየቃቸው አይቀርም ነበር። ሙቀቱ የተላቀቀውን ጫፍ ለጊዜው ያነካካዋል፤ ስንጥቁ ግን እዚያው ነው። እርሳስ (ሊድ የሚባለው ብረት) የሌለበት ሶልደር እስኪቀልጥ 217 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፤ እዚያ ካልደረሰ ስንጥቁ አይገጥምም። ስንጥቁ ቺፑ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከውጭ የሚደርስበት የለም። ብዙ ሰው ለዚህ ገንዘብ ይከፍላል፤ በጣም ያሳዝነኛል። እኛም አጽድተን፣ አዲስ ፔስት ቀብተን ሞከርነው። ብልጭ አለና ጠፋ።

ሚያዝያ ላይ ስምንት አባላት ይዤ ጌም ቤቱ ሄድኩ። ገና በሕይወት ያሉትን አራት ማሽኖች አጸዳን። ፋኑ በንፋስ እንዳይሽከረከር ክንፉን በእንጨት ይዘን አቧራውን በብሩሽና በብሎወር አወጣን። የድሮውን ፔስት በአልኮል ጠርገን የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ቀባን። ከሣጥኑ ጀርባ ያለውን ጣውላ ባለቤቱ ራሱ አነሳው። ማሽኖቹንም ከመሬት ከፍ አድርጎ ሰቀላቸው፤ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ስታቢላይዘርም ገዛ። ያን ቀን ማታ ደውሎ “ቲቸር፣ ፋኑ አይጮህም፤ ጠፍቶብኝ መስሎኝ ሄጄ ነካሁት” አለኝ።

የክበቡ ሌሎች ሥራዎችም ነበሩ። የደወሉን ሽቦ ጠግነናል፤ ለወላጆች ቀን ድምፅ ማጉያ ገጥመናል። ለመጪው ዓመት አንድ መልቲሜትርና ሁለት የብሎን መፍቻ (ካቻቢቴ) ስብስብ ያስፈልገናል። ቤታችሁ የሞተ ሪሲቨር፣ ራዲዮ ወይም ኮንሶል ካለ አትጣሉት፤ ዓርብ ከሰዓት አምጡልን።

ያ ማሽን አልተነሳም። ክዳኑ ተከፍቶ ላብራቶሪው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ያወጣነው አቧራ በጠርሙስ ሆኖ አጠገቡ አለ፤ ላዩ ላይ የአሥረኛ ክፍሏ ልጅ በእጇ “ከደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ” ብላ ጽፋበታለች።