እንደ ድሮው ለሁለት እንግዛ

እህት ዓለም፣ እንዴት ከረምሽ?

ከዓመት በላይ ሆነን አይደል? መጀመሪያ ኔቱ ጠፋ። ኔቱ ሲመለስ ደግሞ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝና «ነገ እጽፍላታለሁ» እያልኩ ይኸው ዛሬ ደረስኩ። ይቅር በይኝ። እኛ ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው። ስለ አባዬ እታች እነግርሻለሁ።

ደብረ ማርቆስ ስንማር አንድ መጽሐፍ ለሁለት እየገዛን፣ አንቺ ቀን እኔ ማታ የምናነበው ትዝ ይልሻል? አሁን እዚህ ፍኖተ ሰላም አዲስ መጽሐፍ እንደ ልብ አይገኝም። ባሕር ዳር የሄደ ሰው ካመጣልኝ ነው። ባለፈው ለአንዱ 650 ብር ከፈልኩ። በአስተማሪ ደመወዝ ይህን በየወሩ ከየት አመጣዋለሁ?

እና በስልክ ማንበብ ጀመርኩ። የጫንኩት ሪድኢራ የሚባል አፕ ነው። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ኔት ባይኖርም ይሠራል። ይሄ የመጨረሻው ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ፋይሉን አንዴ ካወረድሽ በቃ፣ መብራት በሄደበት ማታ ጀርባውን ጥቁር ፊደሉን ነጭ አድርገሽ ልጆቹን ሳትቀሰቅሺ ታነቢያለሽ።

ግን ፋይል ሁሉ አንድ አይደለም፣ እኔ ሁለት ሳምንት የለፋሁበትን አንቺ እንዳትለፊበት ልንገርሽ። ኢፐብ የሚባለው ፊደሉን ስታሳድጊው መስመሩ ራሱን ከስክሪኑ ጋር ያስተካክላል። ፒዲኤፍ ግን ገጹን እንደታተመ ነው የሚያስቀምጠው፣ ስታሳድጊው ከስክሪኑ ይወጣና እያንዳንዱን መስመር በጣትሽ ወዲህና ወዲያ ስትጎትቺ ታመሻለሽ። እኔ ያገኘሁት የአማርኛ መጽሐፍ ደግሞ አብዛኛው ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ነው። አንዱን ስከፍተው ገጹ ቡናማ ሆኗል፣ ጥጉ ላይ የሰው አውራ ጣት ይታያል፣ ዳር ላይ አንድ የማላውቀው ሰው በእስክሪብቶ «እውነት ነው» ብሎ ጽፏል። እሱን ሳይ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ኮምፒውተር ላይ ካሊበር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ኢፐብ ልቀይረው ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። ለካ ስካን ማለት ፎቶ ነው፣ ካሊበር የሚቀይረው ደግሞ ጽሑፍ ሲያገኝ ነው። ሌላ ፋይል ስከፍት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ብሎ ወጣ። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ በጋራ በሚያውቁት የፊደል ኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ሰው በለመደው ፎንት ሲተይብ ቆይቷል።

እንግሊዝኛው ላይ ነው በደንብ የቆጠብኩት። ፕሮጀክት ጉተንበርግ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየሰበሰበ ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ መጽሐፍ በነፃ ያወርድልሻል፣ አብዛኞቹ አሜሪካ ውስጥ የቅጂ መብታቸው ያለፈባቸው የድሮ መጻሕፍት ናቸው። ለተማሪዎቼ አጫጭር ታሪኮች የማወጣው ከዚያ ነው። ከዳታው በቀር አንድ ብር አላወጣሁም።

አባዬ መነጽሩ ከተሰበረ ወዲህ ማንበብ ትቶ ነበር። አንድ ማታ ዳዊቱን በስልኬ ከፍቼ፣ ስክሪኑ ላይ አራት መስመር ብቻ እስኪቀር ፊደሉን አሳድጌ ሰጠሁት። ራቅ አድርጎ ይዞ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። ገጹ ሲያልቅበት ጣቱን በምላሱ አርሶ ሊገልጠው ሄደ። እማዬ ከጓዳ ድምፁን ሰምታ ወጣች፣ ምንም ሳትናገር አጠገቡ ተቀመጠች።

አሁን የከበደኝን ልንገርሽ። ቴሌግራም ላይ ባለፈው ዓመት የታተመ ልብወለድ ስካን ተደርጎ ተለቆ አገኘሁና አወረድኩት። ሃያ ገጽ ያህል አነበብኩ፣ ከዚያ ማንበብ አቃተኝ። አዋጅ 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወት እያለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል፣ ግን እኔን የያዘኝ አዋጁ አይደለም። ወረቀት በዚህ ዋጋ ገዝቶ ያሳተመው ሰው ከእኔ ምን አገኘ? አንቺና እኔ ለሁለት ስንገዛ እንኳ አንድ መጽሐፍ ይሸጥለት ነበር። አጠፋሁት።

ስለዚህ ያሰብኩት እንዲህ ነው። ነፃ የሆነውን በስልክ፣ የእኛን ደራሲዎች በወረቀት፣ እንደ ድሮው ለሁለት። አንቺ አዲስ አበባ ገዝተሽ አንብቢው፣ ግማሹን በቴሌብር እልክልሻለሁ፣ ስትጨርሺ ሰው ስታገኚ ላኪልኝ። ምርጫው ያንቺ ነው። ዳር ዳሩ ላይ እንደ ልማድሽ በእርሳስ ጻፊበት፣ በሞቴ እንዳታጠፊው።

አጎቴ ለልጁ ምርቃት ሐምሌ ላይ ወደ አንቺ ይመጣል። ኢፐቦቹን የጫንኩበት ሚሞሪ ካርድ በትንሽ ፌስታል አድርጌ ከእማዬ በርበሬ ጋር እሰጠዋለሁ። በርበሬውን ስትገለብጪ ካርዱን ፈልጊው።