የጉዞውን ወጪ ማን ቻለው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ ጉዞ ብሎገሮች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። እንጀራዬ ነውና። ጽሑፉ እኛን ዓለምን በነጻ የሚዞሩ ዕድለኞች አድርጎ ያቀርበናል፤ ጠዋት ባሕር ዳርቻ፣ ማታ ሌላ ከተማ፣ በመሃል አንድ ሁለት ፎቶ። በነጻ የሚባል ጉዞ ግን የለም። እኔ ካልከፈልኩ ሌላ ሰው ከፍሏል፣ የከፈለው ሰው ደግሞ የሚፈልገው ነገር አለ። ጽሑፋችሁ ይህን አንዴ እንኳ ሳይጠይቅ ማለቁ ከልቤ አሳዝኖኛል።

ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ። አንድ ሆቴል ኢሜይል ይልካል። ሁለት ሌሊት እኛ ጋ እደር፣ ምግቡም በእኛ ነው ይላል። በምትኩ የሚፈልገውን ይዘረዝራል፦ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ፣ ይህን ያህል ፎቶ፣ ይህን ያህል አጭር ቪዲዮ፣ የሆቴሉ ስም ርዕሱ ላይ። እስከዚህ ድረስ ንግድ ነው፣ ነውር የለውም። ከታች ግን ብዙ ጊዜ አንዲት መስመር አለች። «ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት እኛ እንየው» ትላለች። አንዳንዱ ደግሞ አፍ አውጥቶ፣ በነጻ ማደርህን አትጥቀስ ይላል። እኔ እንዲህ ያለውን ግብዣ አልቀበልም። የሚቀበል ግን ሞልቷል፣ በተለይ ገና ጀማሪ የሆነና የሚቀጥለው ሳምንት ማደሪያው ያሳሰበው ሰው እምቢ ለማለት አቅም ያጥረዋል፣ አልፈርድበትም።

ጫናው ደግሞ ከወረቀቱ ብቻ አይመጣም። ሥራ አስኪያጁ በር ድረስ ወጥቶ ይቀበልሃል፣ ሻንጣህን ይሸከሙልሃል፣ ጠረጴዛው ላይ በስምህ የተጻፈ ካርድ ይጠብቅሃል። ሌሊት ላይ ግን ጎረቤት ካለው ጭፈራ ቤት የሚመጣው ድምፅ መስኮቱን ያርገበግበዋል፣ እንቅልፍ በዓይንህ ሳይዞር ይነጋል። አሁን ይህን ልትጽፈው ነው? የበሉበትን ወጪት መስበር ይመስላል። እኔ ግን እጽፈዋለሁ። ያንን ክፍል ነገ በራሱ ገንዘብ የሚከራይ ሰው አለ፤ ምናልባትም ለዚያች ዕረፍት ዓመት ሙሉ የቆጠቡ ባልና ሚስት። የማወቅ መብት ያላቸው እነሱ ናቸው።

ይህ የእኔ ግትርነት ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሻሻለው መመሪያ፣ ብሎገሮችም ለሚያስተዋውቁት ነገር ገንዘብ ወይም ነጻ ዕቃ ከተቀበሉ እንዲገልጹ ጠይቋል። ከዚያ ወዲህ ሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ደንብ አውጥተዋል። ደግሞ ነጻ አልጋ ብቻ አይደለም ጉዳዩ። ጽሑፉ ውስጥ ያለውን ሊንክ ተጭናችሁ ክፍል ስትይዙ ለጸሐፊው ኮሚሽን ሊደርሰው ይችላል። እናንተ የምትከፍሉት ብዙ ጊዜ አይጨምርም። ቢሆንም ጸሐፊው እናንተ ያንን ሆቴል ብትይዙ ይጠቀማል፣ ይህን ደግሞ ከማንበባችሁ በፊት ልታውቁ ይገባል።

ስፖንሰር በሌለበት ጊዜስ? ያኔ ወጪውን የምንችለው በራሳችን ኪስና በራሳችን እንቅልፍ ነው። ሰው ተኝቶ እኔ የቀኑን ፎቶ ሁለት ዲስክ ላይ እገለብጣለሁ። አንዱ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ከትከሻዬ አይወርድም፣ ሻንጣ ይጠፋልና። ከዚያ መምረጥ፣ ማስተካከል፣ መጻፍ፣ ከዚያ ኢንተርኔቱ ቪዲዮውን እስኪጭን መጠበቅ፤ ዘጠና በመቶ ደርሶ ሲቋረጥ እንደገና ከዜሮ። ጠዋት አውቶቡስ አለ።

ቪዛውን ደግሞ ማንም አያነሳውም። የሸንገን አገሮች፣ ማለትም በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥርን ያስቀሩት የአውሮፓ አገሮች፣ የውጭ ሰው አጭር ቆይታን በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብለው ገድበውታል። ከአንዱ የሸንገን አገር ወደ ሌላው መሻገር ቆጠራውን አያድሰውም፣ ሁሉም እንደ አንድ ነው የሚቆጠረው። ብዙ አገር ደግሞ በቱሪስት ቪዛ ገብቶ መሥራትን ይከለክላል፣ እና የአገሩ ሆቴል ከፍሎህ የምትቀርጸው ቪዲዮ ሥራ ነው ወይስ ሽርሽር? ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ2020 በርቀት ለሚሠሩ ሰዎች የተለየ ቪዛ ጀምራለች፣ ሌሎችም ተከትለዋል። ያም ቢሆን የተወሰነ የገቢ ማረጋገጫ ይጠይቃል። ሥራዬን ለቅቄ ልጓዝ ነው የሚል ወጣት ይህን ሳያውቅ እንዲነሳ አልፈልግም። የጓደኛህን ሠርግ በስልክ እንደምታይ፣ ስትታመም ውሃ የሚያቀብልህ እንደማይኖርም ይወቅ።

አንዳንዴ ደግሞ ዕዳውን የሚከፍለው ቦታው ራሱ ነው። ታይላንድ ውስጥ ማያ ቤይ የሚባል ትንሽ የባሕር ወሽመጥ አለ። በፊልም ታውቆ፣ በፎቶ ተራብቶ፣ በቀን በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይጎርፍበት ጀመር። የጀልባ መልሕቅና የሰው ብዛት ኮራሉን፣ ያን ባሕር ሥር ድንጋይ መስሎ የሚያድገውን ሕያው ፍጥረት፣ ጎዳው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ዘጋው፣ እንደገና የተከፈተው በጥር 2022 ነው። ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ሻርኮች ተመልሰው መጡ። አሁን ጀልባ ወደ ወሽመጡ አይገባም፣ በደሴቷ ጀርባ በኩል ነው የሚወረደው። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ መንገድና ጠባቂ የሌለውን ጥቃቅን ቦታ ትክክለኛ አድራሻውን አልጽፍም። የስልክ ካሜራም የቦታ መረጃው ካልተዘጋ የተነሣበትን ነጥብ ፎቶው ውስጥ ስለሚመዘግብ፣ ከመለጠፌ በፊት አጠፋዋለሁ። «ንፉግ» የሚሉኝ አሉ። ይበሉኝ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። እናንተም የጉዞ ገጽ አላችሁ፣ ጋዜጠኞቻችሁም በግብዣ ይሄዳሉ። ከእያንዳንዱ የጉዞ ጽሑፍ በላይ፣ ታች በደቃቅ ፊደል ሳይሆን ከላይ፣ ትኬቱንና አልጋውን ማን እንደከፈለ አንድ መስመር አስገቡ። ከእኛ አንዱን ቃለ መጠይቅ ስታደርጉም ስንት አገር አየህ ከማለታችሁ በፊት ይህንኑ ጠይቁት። መልስ የሚያጣ ከሆነ አንባቢው ይህንንም ይወቅ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ