ገዳዩ ከየት መጣ?

ለዝግጅት ክፍሉ፤

የመጽሐፍ ዓምዳችሁ ስላሞገሰው የወንጀል ልቦለድ አንድ ነገር ልበል። ርዕሱን አልጽፍም፣ የደራሲው የመጀመሪያ ሥራ ነው ስለተባለ ገበያውን መዝጋት አልፈልግም። ታሪኩ ጅማ ላይ ስለሆነ እዚህ ያልመከረኝ ሰው የለም። ፈረንጅ አራዳ ቡና ልጠጣ ስቀመጥ «አንብበኸዋል?»፣ መሥሪያ ቤት ስገባ «መጨረሻው ጉድ ነው!»

አነበብኩት። ንግግሮቹ ይጥማሉ፣ የለቅሶ ቤቱ ምዕራፍ ላይማ ሆዴ ባባ። ያናደደኝ ያ ሁሉም የሚያደንቀው መጨረሻው ነው። (ያላነበባችሁ ይቅርታ፣ ልናገረው ነው።)

ገዳዩ መንታ ወንድም ሆኖ ቁጭ! እስከዚያ ድረስ መንታ ስለመኖሩ አንዲት ቃል የለም። ኢንስፔክተሩ ከሟቹ አልጋ ሥር የሆነ ነገር ያነሳል፣ ያያል፣ ፈገግ ይላል፣ ኪሱ ይከታል። ለእኛ አይነግረንም። የአውቶቡስ ትኬት እንደነበር የምንሰማው መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል ነው። ታዲያ እኔ ምኑን ይዤ ልጠርጥር?

እንግሊዛዊው ቄስና ደራሲ ሮናልድ ኖክስ በ1929 እ.ኤ.አ. ለመርማሪ ልቦለድ አሥር ሕጎች አውጥቶ ነበር። ወንጀለኛው ገና ከመጀመሪያው አካባቢ ይታይ፣ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ አይደብቅ፣ መንታ የሚመጣ ከሆነ አንባቢው አስቀድሞ ይዘጋጅ ይላል። ግማሹ ቀልድ ነው፣ ጎበዝ ደራሲም ይጥሰዋል። አጋታ ክሪስቲን ራሷን በ1926 ባሳተመችው «የሮጀር አክሮይድ ግድያ» አጭበረበረችን ያሏት ነበሩ። ግን ያንን መጽሐፍ ጨርሳችሁ ወደ ኋላ ብትገልጡ ፍንጩ ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ ያላየነው እኛ ነን። ይኼኛውንም ወደ ኋላ ገለጥኩት። ምንም የለም።

የሰዓቱ ነገርማ ይብሳል። ገዳዩ ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አጠገብ ገድሎ በእግሩ እየሮጠ በ10 ደቂቃ መናኸሪያ ይደርሳል፤ የታሪኩ ምሥጢር በሙሉ የተንጠለጠለው በዚች ሩጫ ላይ ነው። ቤተ መንግሥቱ እኮ ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል! ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1998 እ.ኤ.አ. የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር 5 ሺህ ሜትሩን የጨረሰው በ12 ደቂቃ ከ39 ሰከንድ ነው፣ ያውም በመሮጫ መም ላይ፣ ጭቃ በሌለበት፣ ባጃጅ በማይጋፋበት። የጅማ ሰው ይህን አንብቦ እንዴት ዝም እንዳለ ነው የገረመኝ።

ለመከሩኝ ይህን ስነግራቸው «ግን ደንግጠሃል አይደል?» ይሉኛል። ደንግጫለሁ። ከኋላዬ ክላክስ ቢነፋብኝም እደነግጣለሁ።

የእናንተው ጸሐፊም «ፈጽሞ የማይገመት» ብሎታል። ልክ ነው፣ የሚገመትበት ነገር አልተሰጠማ! በሚቀጥለው የወንጀል ልቦለድ ስትመክሩን ገዳዩን አትንገሩን፣ ፍንጮቹ ለአንባቢው ተሰጥተው እንደሆነ ግን ንገሩን። የመጽሐፍ ዋጋ የት እንደደረሰ እናንተም ታውቁታላችሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ