ለአሮጌ ላፕቶፕ የዋይፋይ ካርድ ለምትገዙ ደንበኞቻችን

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፦

ሰሞኑን አዲስ የዋይፋይ ካርድ ይዘው «የተበላሸ ሸጡልኝ» እያሉ የሚመጡ ደንበኞች በዝተዋል። አብዛኞቹን ካርዶች ሌላ ላፕቶፕ ላይ ስንሞክራቸው ደህና ይሠራሉ። እምቢ ያለው ላፕቶፑ ነው።

አንዳንድ አምራቾች ላፕቶፑ የሚቀበላቸውን ካርዶች ዝርዝር ባዮሱ (ላፕቶፑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ አስቀምጠዋል። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ካርድ ሲገጠምለት መነሣቱን ያቆማል። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጡት የሌኖቮ ላፕቶፖች ቲንክፓድ ኤክስ230 እና ቲ430 ላይ 1802፣ በአንዳንድ የኤችፒ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ 104 የሚል ቁጥር ካያችሁ ነገሩ ይኸው ነው። መልእክቱ የሚመጣው ዊንዶውስ ገና ሳይነሣ ስለሆነ ዊንዶውስን እንደገና መጫን ገንዘብ ማባከን ነው። ባዮሱን በመቀየር ክልከላውን ማንሣት የሚቻልባቸው ሞዴሎች አሉ። ነገር ግን ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ በመሀል መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱም (የላፕቶፑ ዋና ሰሌዳ) አብሮ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ይህን ሥራ አንቀበልም።

መጠኑም ያሳስታል። አሮጌዎቹ ላፕቶፖች የሚወስዱት ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚባለውን ካርድ ሲሆን አሁን ገበያውን የሞላው ኤም.2 ነው። የአንቴናው ሽቦ ጫፍ እንኳን አይገጥምም። አንድ ደንበኛችን ከምስር ፍሬ የምታንሰውን ያችን ጫፍ በጉጠት ሲገፉ ጨፍልቀዋት፣ ከካርዱ ሌላ አንቴናም ለመግዛት ተገደዋል።

ኤም.2 የሚቀበል ላፕቶፕ ያላችሁም ቁጥሩን አስተውሉ። ኢንቴል ኤኤክስ200 እና ኤኤክስ201 መንታ ይመስላሉ፤ ማስገቢያው ውስጥም እኩል ይገባሉ። ሁለተኛው ግን ግማሽ ሥራውን ለማዘርቦርዱ የሚተው በመሆኑ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጨርሶ አይታይም። ለመጀመሪያውም ቢሆን ኢንቴል ለዊንዶውስ 7 የሚሆን ድራይቨር (ዊንዶውስ ካርዱን እንዲያሠራ የሚያስችለው ፕሮግራም) አላወጣለትም።

ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት በላፕቶፑ ጎን ወይም ፊት ለፊት ያለችውን የዋይፋይ ማብሪያ ተመልከቱ፤ ቦርሳ ውስጥ ተነክታ ጠፍታ የምናገኛት ብዙ ጊዜ ነው። ስልካችሁ የሚያየውን ኔትወርክ ላፕቶፑ ካላየው ደግሞ ራውተሩ ብዙ አሮጌ ካርዶች በማይቀበሉት የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ብቻ እየሠራ ይሆናል። ራውተሩ ላይ የ2.4 ጊጋኸርዙን ስትከፍቱለት ያለ ምንም ወጪ ሊገላገል ይችላል።

የእኛን ምክር ካላችሁ፣ ለእንዲህ ያለ ላፕቶፕ በዩኤስቢ የሚሰካ ዋይፋይ ይበቃል። የባዮሱ ዝርዝር እሱን አይመለከትም፤ ላፕቶፑን ስትቀይሩም ነቅላችሁ ትወስዱታላችሁ። የግድ በውስጥ ይገጠምልኝ የምትሉ ግን ከካርዱ በፊት ላፕቶፑን አምጡልን። ከፍተን የትኛውን እንደሚቀበል በወረቀት ጽፈን እንሰጣችኋለን፤ ለዚህ አናስከፍልም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የጥገና ክፍል