ጉዳዩ፦ ስለተቋረጠው የትምህርት ቤቱ የጉድጓድ ውሃ

ለተከበራችሁ የተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች

ከሰኞ ጠዋት ጀምሮ የግቢያችን ጉድጓድ ውሃ መስጠት አቁሟል። ልጆቻችሁ «ዲናሞው ተቃጠለ» ብለው ነግረዋችሁ ይሆናል፤ አልተቃጠለም። ብልሽቱ ምን እንደሆነና እስኪጠገን ምን እንደምናደርግ ልናሳውቃችሁ ይህን ጽፈናል።

ፓምፑ ስሪ ፌዝ (በሦስት የመብራት መስመር የሚሠራ) ሲሆን 60 ሜትር ጥልቀት ላይ ተንጠልጥሏል። እሱን ማውጣት ከባድ ሥራ ስለሆነ አስቀድሞ ከላይ ያለው ሁሉ ተፈተሸ። የሮቶው ፍሎተር (ሮቶው ሲሞላ ፓምፑን የሚያቆመው ተንሳፋፊ) ደህና ነው። የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ሲከፈት፣ በሚገባው መስመር ላይ በሦስቱም ፌዞች መካከል 380 ቮልት ገደማ አለ፤ ኮንታክተሩ (መብራቱን ወደ ፓምፑ የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ማብሪያ) ሲይዝ ግን ወደ ፓምፑ የሚወጣው አንዱ ፌዝ ይጠፋል። ተፈቶ ሲታይ አንዱ መገናኛው ጠቁሮ ተቦርቡሯል። ሞተር በሁለት ፌዝ ልነሳ ሲል ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም፤ ብዙ አምፔር ስለሚስብም የሞተሩ መከላከያ (ኦቨርሎዱ) ይቆርጠዋል። በየቤታችሁም አደራ፦ የቆረጠን ኦቨርሎድ ወይም ብሬከር አንዴ መመለስ ይቻላል፤ ደግሞ ከቆረጠ ምክንያቱ ሳይታወቅ መደጋገም ደህናውን ሞተር ማቃጠል ነው። ሳጥናችን ፌዝ ሲጎድል የሚያቋርጥ ሪሌይ አልነበረውም፤ አሁን ይገጠምለታል።

ኮንታክተሩ ተቀየረ፣ ሞተሩም ተነሳ። በክላምፕ ሜትር ሲለካ ሦስቱም ፌዞች ተቀራራቢ አምፔር ይስባሉ፤ ውሃ ግን ሮቶው ጋ አልደረሰም። ጉድጓዱ ደርቆ እንዳይሆን ሲለካ ውሃው 31 ሜትር ላይ ተገኘ፤ ከፓምፑ በላይ 29 ሜትር ውሃ አለ ማለት ነው። ጆሮን ወደ ጉድጓዱ አፍ ጠጋ ሲያደርጉ ግን ውስጥ ውሃ ሲዘንብ ይሰማል። ከላይ ያለው የውሃ መዝጊያ (ጌት ቫልቭ) ለአጭር ጊዜ ተዘግቶ የግፊት መለኪያው (ጌጁ) ሲነበብ ነገሩ ለየ። ይህ ፓምፕ ቫልቭ ሲዘጋበት እስከ 90 ሜትር ይገፋል፤ 31 ሜትሩ ሲቀነስ፣ 10 ሜትር 1 ባር ስለሆነ፣ ጌጁ 6 ባር ገደማ ማሳየት ነበረበት። ያሳየው 2 ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃው መንገድ ላይ ይፈስሳል፤ ቧንቧው ከውሃው ወለል በላይ ባለ መገጣጠሚያ ላይ ተበልቷል። ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ቀድሞ የሚበላው ጥርስ የወጣለት ቦታ ላይ ነው፤ ጥርሱ ሲወጣ የዚንክ ሽፋኑ ይነሳል፣ ብረቱም ይሳሳል።

ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ 10ሩም ባለ 6 ሜትር ቧንቧዎች ይወጣሉ። ባለ 2 ኢንቹ ቧንቧ ባዶውን ብቻ 300 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን የሚሳበው በትራይፖድና በቼን ብሎክ ነው። በእነዚህ ቀናት ልጆች ለኳስም ቢሆን ወደ ግቢው እንዳይመጡ እንጠይቃለን።

ፓምፑ ሲመለስ ጉድጓዱ በክሎሪን ይታከማል። በውስጡ ወደ 900 ሊትር ውሃ ስላለ፣ 65 በመቶ ጥንካሬ ያለው የክሎሪን ዱቄት 70 ግራም በባልዲ ተበጥብጦ ይጨመርና ለ12 ሰዓታት ይቆያል፤ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ ውሃው ተስቦ ይደፋል። የላቦራቶሪ ውጤቱ እስኪመጣ የቧንቧው ውሃ ለእጅ መታጠቢያና ለመጸዳጃ ቤት ብቻ ይውላል።

እስከዚያው በየቀኑ ቦቴ ውሃ ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለቀን ተማሪ በትንሹ በሰው 5 ሊትር ይላል፤ መጸዳጃ ቤቱ በውሃ የሚለቀቅ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ የምናዘው በዚሁ ሒሳብ ነው። ከእናንተ ገንዘብ አንጠይቅም፤ እያንዳንዱ ልጅ የሚጠጣውን 1 ሊትር ውሃ ከቤት ይዞ ይምጣ። ውሃውን የምታፈሉ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

በግቢያችሁ የእጅ ጉድጓድ ያላችሁ ወላጆች ብዙ ናችሁ። መሬት ላይ የተቀመጠ ዲናሞ በዚህ ከፍታ ከ5 ወይም ከ6 ሜትር በላይ በደህና አይስብም፤ በበጋ ማብቂያ ውሃው ሲወርድ ዲናሞው ባዶውን የሚጮኸው አንድም በዚህ ነው። ገመድ ላይ ብሎን አስራችሁ ለኩ። ውሃው ቅርብ ከሆነ ዲናሞውን አጥፉና በመሙያው ውሃ ሙሉት፤ የሞላችሁት ወደ ታች ከወረደ ፉት ቫልቩን (በመምጠጫው ታችኛ ጫፍ ያለውን፣ ውሃው እንዳይመለስ የሚዘጋውን) ቆሻሻ ይዞታል፤ ካልወረደና አሁንም ካልሳበ በመምጠጫው መገጣጠሚያ በኩል አየር እየገባ ሊሆን ይችላል።

ጉድጓድ ውስጥ ግን ማንም አይውረድ፤ በቤንዚን የሚሠራ ፓምፕም ወደ ውስጥ አይግባ። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ሻማ አውርዶ መሞከርም እሱን አያሳይም። የወደቀን ሊያወጣ ዘሎ የሚገባው ሰው አብሮ ይቀራል። ልጆቻችሁ ይህን ከእኛም ይሰማሉ፤ ቤት ውስጥ እናንተም ንገሯቸው።

የቴክኒሻኑ የልኬት ወረቀት ቢሮ ስላለ መጥቶ ማየት ይቻላል። የላቦራቶሪ ውጤቱ ሲደርስ በልጆቹ የመገናኛ ደብተር እናሳውቃለን።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር